የክሊኒኩ አፍንጫ

ባንግ ሱኒም ማስክ አላወልቅ ካለች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ማስክ ማድረግ ያው ሥራዋ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። እሷ ግን ምሳ ስትበላ ብቻ አውልቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ሩዟን ጎረስ ጎረስ አድርጋ መልሳ ታጠልቀዋለች። "ጉንፋን ነው" ትላለች። ሁለት ወር ሙሉ የሚቆይ ጉንፋን ከየት መጣ ብሎ የጠየቃት የለም። አፕጉጆንግ የቁንጅና ክሊኒኮች የተሰበሰቡበት፣ የሰው ፊት ሲታይ የሚዋልበት ሰፈር ነው፤ የሠራተኛን ፊት ግን ማን ዞር ብሎ ያያል።

ከማስኩ ሥር ያለው ነገር ይኸው ነው፦ የአፍንጫዋ ጫፍ ቀልቷል። ቅላቷ መስከረም ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነበረች። አሁን ሰፍታለች፤ መብራት ሥር ስትቆም ደግሞ ከቆዳው በታች አንድ ነጭ ነገር ይታያል። ነጩ ነገር ምን እንደሆነ ሱኒም ከማንም በላይ ታውቃለች። ሲሊከን ነው፤ አፍንጫን ከፍ ለማድረግ የሚገባ ሰው ሠራሽ እቃ። ሃያ ስምንት ዓመት እዚያው ተቀምጦ፣ ቆዳዋን ከውስጥ እየገፋ እያሳሳ፣ አሁን መውጫው ላይ ደርሷል። በጊዜ ካልተነሣ ቆዳው ይበሳል፤ ከተበሳ ይመግላል፤ ከመገለ አፍንጫው ተሰብስቦ ይቀራል፣ ያንን ደግሞ መልሶ የሚያቃናው እጅ የለም። ይህን ለስንቱ በአፏ ተናግራለች። "ጫፉ ከቀላ አንድ ቀን አይደር" ትላለች ለሰው። ለራሷ ሲሆን ግን ሁለት ወር አሳደረችው።

ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ቢባል፣ አንደኛው ነገር ድካም ነው። ኅዳር ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ትልቁን ፈተና ይፈተናሉ፤ በማግስቱ እናቶቻቸው እጃቸውን ይዘው ክሊኒኩ በር ላይ ይሰለፋሉ። "ካጠናሽልኝ አሠራልሻለሁ" ተብለው ዓመቱን ሙሉ የተጠበቁ አፍንጫዎች ናቸው። በቀን ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት። ሱኒም ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚቷ ስለሚያብጥ ጫማዋን ፈታ አድርጋ ነው የምትቆመው። በዚህ መሃል "ዶክተር፣ የእኔንም ይዩልኝ" ማለት በየት በኩል።

ሰንበት ደርሶ እፎይ እንዳትል ደግሞ የኪምቺ፣ ለብርዱ ወራት የሚቀመጠው ጎመን የሚታሽበት ወር ነው። በባለቤቷ እኅት ቤት ስልሳ ራስ ጎመን ጨው ሲነሰነስ፣ በርበሬ ሲቀባ ዋለ፤ እሷ ከነማስኳ ጎንበስ ቀና ስትል ጄጉን አያት። ጄጉን ባሏ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል።

"ምነው አንቺ፣ እዚህም ማስክ? ጎመኑ ጉንፋን እንዳይዘው ነው?"

"በርበሬው ሰነፈጠኝ።"

"ዕድሜሽን ሙሉ ሳይሰነፍጥሽ?"

"ተወኝ በናትህ ጄጉን፣ ደክሞኛል።"

ተዋት። ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ተወኝ ሲባል ወዲያው የሚተው ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ከድካም ይከፋል። እሱም የክሊኒኩ ሐኪም፣ ዶክተር ታክ ነው።

ሱኒም ከናምዎን ገጠር መጥታ የረዳት ነርስነት ወረቀቷን ይዛ እዚያ ክሊኒክ ስትገባ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዶክተር ታክ ያኔ ጎልማሳ ነው፣ እጁ የተመሰከረለት። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ላይ ጠራትና "ምግብ አብሳዩ ራሱ የቤቱን ምግብ ካልበላ እንግዳው ምን ብሎ ይበላል?" አላት። ሳቀች። ያን ቀን ነጩን የሲሊከን ቁራጭ ፊቷ ላይ እየለካ፣ በምላጭ እየቀረጸ፣ ከግንባሯ ሥር እስከ ጫፍ ወርዶ ወደ ከንፈሯ የሚታጠፍ አድርጎ ሠራላት። "ከፍ ያድርጉልኝ ዶክተር" ብላው ነበር፤ አትክድም። ፋሻው ሲፈታ መስተዋት ፊት ቆማ አለቀሰች፣ ከደስታ። በሕይወቷ ቆንጆ የተባለችው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ አፍንጫዋ የእሷ መሆኑ ቀረ፤ የክሊኒኩ ሆነ። የሚያመነታ ደንበኛ ሲመጣ "ሱኒም፣ ነይ እስቲ" ይላል ዶክተሩ፤ ትገባለች፤ "ወደ ጎን ዙሪ" ይላል፤ ትዞራለች። የቡና ትሪ ይዛም ዞራለች፣ የደም ጨርቅ ይዛም ዞራለች፣ አባቷን ቀብራ በተመለሰች ማግሥትም ዞራለች። ሰዎቹ ጎኗን አይተው "እንዲህ ከሆነማ" ይላሉ፣ ይፈርማሉ።

አሥር አሥራ አምስት ዓመት ሲያልፍ ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ተመልሰው መምጣት ጀመሩ፤ ጫፉ ቀልቶ። ዶክተር ታክ ክፉ ሰው አይደለም። ውሸታምም አይደለም፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ያምንበታል። "ሲሊከን ዕድሜ ልክ ነው" ይላል፤ ስለዚህ አፍንጫው ከተበላሸ ያበላሸው ባለቤቱ ነው። አንዱን ፈትገውት ነው፣ ሌላውን በሆዳቸው ተኝተው ነው፣ የሶጁ አረቄ አብዝተው ነው፣ መነጽራቸው ከብዶ ነው ይላቸዋል። ቅባት ይጽፍላቸዋል። እሱ ራሱ ያንን የታጠፈ ቅርጽ ከተወው ቆይቷል፤ ዛሬ ጫፉን ከጆሮ ጀርባ በሚወስደው ለስላሳ አጥንት ነው የሚሠራው። ለምን ተዉት ሲሉት "ፋሽኑ ተቀየረ" ይላል።

ሱኒምስ? ሱኒም ከጎኑ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። "አዎ እናቴ፣ ዶክተሩ እውነታቸውን ነው" ትላለች። ከሁሉም የማትረሳት አንዲት ማልሱክ የምትባል የዎንጁ ሴት አለች። በሱቋ የአኩሪ አተር አይብ የምትሠራ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ትልልቅ ድስት ላይ የምትጎነበስ ሴት ናት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የአፍንጫዋ ጫፍ ቀልቶ መጣች። ዶክተሩ ሥራዋን ጠየቃትና "በቃ፣ እንፋሎቱ ነው" አላት። ሴትዮዋ ወደ ሱኒም ዞራ "እውነት እንፋሎት እንዲህ ያደርጋል?" ብላ ጠየቀቻት። ሱኒም "አዎ እናቴ፣ እንፋሎት ቆዳ ያሳሳል፣ ራቅ ይበሉ" አለቻት። ማልሱክ እጇን ይዛ አመስግናት ሄደች። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

ሱኒም አሁን ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት የምትፈራው ሞትንም አይደለም፣ ቀዶ ጥገናንም አይደለም። ለዶክተሩ ስትነግረው የሚላትን፣ አስቀድማ የምታውቀውን ቃል ነው። ያቺን ቃል ከእሱ አፍ ለራሷ ላለመስማት ስትል አፍንጫዋን ልታጣ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሞክፖ አንዲት ሴት መጣች። ኦክቡን ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከስልሳ በላይ ነው፣ ወደብ ላይ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ለዶክተሩ ብላ በጋዜጣ የጠቀለለችው ዓሣ ሽታው እንግዳ መቀበያውን ሞላው፤ ተራ የሚጠብቁት ልጃገረዶች ያንኑ ሊያሠሩት የመጡትን አፍንጫ ያዙ። ሱኒም የሴትዮዋን ካርድ አውጥታ አየች። የተሠራችው ከራሷ ከሱኒም ሁለት ሳምንት ቀድማ ነው።

"ሥራ አስፈታሁዎት ዶክተር፣ ይቅርታ" አለች ኦክቡን ቁጭ እንዳለች። "ይቺ አፍንጫዬ ጫፏ ቀልታ አልመለስ አለች። ልጄ 'እማዬ መጠጥ ጀመርሽ እንዴ' ብላ ሳቀችብኝ።"

ዶክተሩ አገጯን ይዞ ወደ መብራቱ አዞራት። ሱኒም ከኋላው ቆማ አየች። ቦታውም፣ ስፋቱም፣ ከሥሩ ያለው ነጭም ጠዋት መስተዋቷ ውስጥ ያየችው ነው።

"ይፈትጉታል?" አላት ዶክተሩ።

"ኧረ እኔ እንኳ..."

"ያስቡ እስቲ። በፎጣ?"

"እንግዲህ ስታጠብ መቼም። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ገበያ ላይ ሆኜ መሀረብ የት አገኛለሁ፣ በእጅጌዬ ነው የምጠርገው።"

"ይኸው አገኙት።"

ኦክቡን ራሷን ነቀነቀች። "እውነትዎን ነው። በእጅጌዬ ነው የምጠርገው" አለች። ጥፋቷን አገኘች ማለት ነው። ሁሉም ያገኛሉ። ሱኒም በዚህ ሁሉ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥፋት ያጣ ሰው አላየችም።

"ቅባት እጽፍልዎታለሁ። እቃው ምንም አይሆንም፣ ዕድሜ ልክ ነው" አለ ዶክተሩ፤ ቀና ብሎ። "ሱኒም፣ ነይ እስቲ። ሁለታችሁንም በአንድ ወር ነው የሠራኋችሁ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ እቃ። ማስክሽን አውልቂና ወደ ጎን ዙሪላቸው፣ ይዩት።"

ሱኒም "ጉንፋን ይዞኛል" ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ኦክቡን ግን ቀና ብላ እያየቻት ነው፤ የቀኝ እጅጌዋን በግራ እጇ ጠቅልላ ይዛዋለች፣ ሰው እንዳያይባት። ሱኒምን ያሸነፋት ያ እጅጌ ነው። ማስኳን አውልቃ፣ እንደታዘዘችው፣ ወደ ጎን ዞረች።

ዶክተሩ መነጽሩን አጠለቀ። ቀረብ አለ። ከውጭ የልጃገረዶቹ ሳቅ ይሰማል። ከልማዱ የተነሣ ይሁን ከድንጋጤ፣ ያችኑ ቃል አመጣት።

"ፈተግሽው እንዴ?"

ሱኒም ይህን ስትሰማ እንደምትቆጣ ነበር የምታስበው። ቁጣ አልመጣላትም፤ የመጣባት የዓመታት ድካሟ ነው።

"አልፈተግኩትም" አለች። "አንድ ቀን በፎጣ ነክቼው አላውቅም። በጀርባዬ ነው የምተኛው። ሶጁ አልጠጣሁም፣ የሙቅ ውሃ ቤት አልገባሁም። ባሌ እንኳ ጉንጬን ነው የሚስመኝ። ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ ዶክተር። ለሰው ስናገር የኖርኩት እኔ አይደለሁ?"

"መቼ ጀመረሽ?"

"መስከረም።"

"ታዲያ እስካሁን ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ፈተግሽው እንዴ ይሉኛል ብዬ።"

ዶክተር ታክ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ኦክቡን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ስታይ ቆየችና፣ "እንዲያ ከሆነ የኔም በእጅጌዬ አይደለማ?" አለች። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ።

"አይደለም እናቴ" አለች ሱኒም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት የፈተና ልጆች ለሌላ ቀን ተዛወሩ። እናቶቻቸው ተቆጡ፤ ይቆጡ። የኦክቡን ሲሊከን ወጣ፣ ሱኒም እንደ ወትሮዋ እቃ እያቀበለች። በማግሥቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት ደግሞ እሷ አልጋው ላይ ወጣች። እቃ የምታቀብለው ሃራም ነበረች፣ ገና ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ነርስ። ማደንዘዣው ሲገባ አመማት፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማት ድምፅ ብቻ ሆነ። ምላጩ ሲያልፍ፣ ጨው ውሃው ሲፈስ፣ ወረንጦው ሲነሣ እያንዳንዱን በድምፁ ታውቀዋለች። አንድ ነገር ተሳበ፤ ፊቷ ባዶ የሆነ መሰላት። ዶክተሩ እቃ ከሰው ሲያወጣ የሚቀበለው የእሷ እጅ ነው፤ ሳታስበው እጇ ከጨርቁ ሥር ወጥቶ ተዘረጋ።

ሃራም ትሪውን እንደያዘች ግራ ገብቷት ቆመች። ዶክተሩ የተዘረጋውን እጅ አየ፤ ትሪውን ትቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ቀለሙ ብጫ ሆኗል። ከትንሽ ጣቷ ያንሳል፤ ላዩ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነገር ጋግሮበታል። የምላጩ ጭረት ግን እንደ ያኔው አለ።

"ጫፉን ወፍራም አድርጌ ትቼዋለሁ" አለ ዶክተሩ፤ ለማን እንደሚናገር ባይታወቅም። "ያኔ የሚፈለገው ከፍ ያለ ነበር። አንቺም ከፍ ያድርጉልኝ ብለሽ ነበር።"

"ብዬ ነበር" አለች ሱኒም። "ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።"

ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። መርፌውን ጨረሰ፣ ፋሻውን ራሱ ለጠፈ፤ ፋሻ ሲለጥፍ አይታው አታውቅም፣ ሁልጊዜ የእሷ ሥራ ነው።

እቤት ጄጉን ከፋሻው በላይ ዝቅ ያለውን አፍንጫዋን አይቶ አይቶ፣ "ቆይ፣ ድሮም እንዲህ ነበር?" አለ።

"ሳታውቀኝ በፊት።"

"ለካ ስኖር የዶክተሩን አፍንጫ ነው የሳምኩት።"

"የት ስመኸው ታውቃለህ? አላስነካህም ነበር።"

ጄጉን ይህን ሲያስታውስ ሳቁ ቆመ። ሁለቱም ሾርባቸውን ጠጡ።

አንድ ሳምንት ዕረፊ ተብላ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ከነፋሻዋ መጣች። ልብሷን ሳትቀይር በቀጥታ ካርድ ክፍል ገብታ የድሮዎቹን ሣጥኖች ታወርድ ጀመር። ዶክተር ታክ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ቅባት ሰጥተን የሸኘናቸውን።"

"ካመማቸው ራሳቸው ይመጡ የለ።"

"እነሱ አይመጡም ዶክተር። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሄደ ሰው ምን ብሎ ይመጣል?"

ዶክተሩ የበሩን እጀታ ያዘ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ያን ጠዋት ከዚያም የበለጠ መሰለ። "ስሜን..." ብሎ ጀመረና ተወው። "የመጣ ይምጣ። በነጻ አወጣላቸዋለሁ በያቸው" ብሎ ሄደ።

አርባ አንድ ካርድ ሆነ። ሱኒም ምን እንደምትል በወረቀት ላይ ጻፈች፦ ከክሊኒኩ ነው፤ የአፍንጫዎ ጫፍ እንዴት ነው፤ ቀልቶ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ይህን ሦስት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ከሁሉ በፊት የማልሱክን ካርድ አነሣች። በከባዱ ከጀመርኩ ሌላው ይቀለኛል ብላ ነው፤ ምስኪን።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ማልሱክ ነዎት? ከአፕጉጆንግ ክሊኒክ ነው። ነርሷ ነኝ፣ ሱኒም።"

"ውይ የኔ እመቤት። እስካሁን አልረሳሽኝም?"

"አልረሳሁዎትም። አፍንጫዎ እንዴት ነው? ጫፉ..."

"ተበሳ እኮ" አለች ማልሱክ። "በሁለተኛው ዓመት። እዚሁ ከተማችን ሐኪም ቤት አወጡልኝ። ትንሽ ተሰብስቧል፤ ግድ የለም፣ በዚህ ዕድሜ ማን ያየኛል። ያልደወልኩላችሁ አፍሬ ነው። እንፋሎት ራቂ ብለሽኝ በዚያው ወር ነበር የራቅሁት፤ ቀድሞ የገባው ገብቶ ነበር መሰለኝ። ዶክተሩን ይቅርታ በይልኝ። የእሳቸው እጅ ምንም አልነበረበትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሱኒም ወረቀቷን አየች። የሚሆን ነገር አልነበረበትም። ፋሻው ሥር ቁስሏ ይመታል።

"እንፋሎቱ አይደለም እናቴ" አለች።

"እንዴት?"

"እንፋሎቱ አልነበረም። እቃው ነው። ቆዳውን ከውስጥ እየገፋ አሳሳው። የኔም እንደዚያው ሆኖ በዚህ ሳምንት ወጣልኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ያኔ ሲጠይቁኝ 'አዎ፣ እንፋሎት ያሳሳል' ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ እውነት እንዳልሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

ከወዲያ በኩል ቴሌቪዥን ይሰማል፤ የሆነ ሰው የአየር ሁኔታ ይናገራል። ሱኒም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።

"ከእንፋሎቱ ልርቅ ብዬ ሱቁን እኮ ሸጥኩት" አለች ማልሱክ። "የእናቴን ሱቅ።"